በግራው ረድፍ ሦስተኛው ቁልፍ

ባርና የአያቱን ካፖርት ይዞ ወደ ስፌት ቤታችን የገባው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ሲገፋው ላዩ ላይ የተንጠለጠለው ደወል ተነቅሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ መርፌዬን አስቀምጬ "ይኸው፣ ጀመረ" አልኩ በሆዴ።

"ይቅርታ እትዬ ፒሮሽካ፣ ደወሉን ገደልኩት።"

"አሥር ዓመት በሰላም የኖረ ደወል!" አሉ የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ሌሄል፣ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው ላይ ሳያወርዱ። "መሐንዲስ ሲነካው ሞተ።"

"ገና አልተመረቅሁም እኮ ጋሼ።"

"እሱን ነው የምልህ። ስትመረቅ ምን ልታፈርስ ነው?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመ ልጅ፣ የእኔን ልጅ ሬካን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ይህን ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። አባቱ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ናቸው። የእኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ነበር። ሬካ በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሾርባ ትቀዳለች። የተዋወቁትም በጭልፋ ነው። ባርና ቦሎቄ ገና ሲሸተው የሚያቅለሸልሸው ልጅ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ፊት ትንሽ ለመቆየት ሲል ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሁለት ሳህን የቦሎቄ ሾርባ በላ። ሬካ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ለፍቅር ብሎ ቦሎቄ የሚበላ ሰው አንድ ቀን ይሰለቸዋል ብዬ አሰብኩ።

ካፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። አጭር፣ ጥቁር፣ የማዕድን ተማሪዎች የሚለብሱት ነው። ፊቱ ላይ ሁለት ረድፍ የብረት ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የተጠላለፉ ሁለት መዶሻዎች ተቀርጸዋል። እኛ ልብስ ሰፊዎች ገበሩን፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን እንሠራለን። ቁልፎቹን ግን የምንሰፋው እኛ አይደለንም። የላይኛውን የተማሪው እናት ትሰፋዋለች፣ ቀጥሎ ያለውን አባት፣ ሌሎቹን አንድ ክፍል አብረውት ያደሩ ጓደኞቹ። በግራው ረድፍ ሦስተኛው፣ ልብ ላይ የሚያርፈው፣ የሚወዳት ልጅ ነው። የእኛ ድርሻ የላላውን ማጥበቅ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ወግ ከየት መጣ ቢሉኝ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የማዕድን ትምህርት ቤት ቤቱን ሁለት ጊዜ ስለለቀቀ ይመስለኛል። መጀመሪያ የተከፈተው ሩቅ፣ በተራሮች መሐል በሚገኘው የሽልሜትስ ከተማ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበር ሲቀየር ተማሪዎቹ መጻሕፍቱንና የድንጋይ ናሙናዎቹን ጋሪ ላይ ጭነው ወጡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና ተነሡና ግማሾቹ ወደ እኛ ከተማ ወደ ሚሽኮልትስ መጡ። ሕንፃ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ዘፈኑንና ካፖርቱን ይዘው መጡ። የባርና አያት በዚያ ጋሪ ላይ ሲቀመጥ የለበሰው ይህንኑ ካፖርት ነው።

"ገበሩ ይቀየርልኝ፣ የላሉት ቁልፎች ይጠበቁ" አለ ባርና። ከዚያ ጣቱን ከግራው ረድፍ ሦስተኛው ቦታ ላይ አሳረፈ። ቦታው ባዶ ነበር። "ይህን ግን እንዲሁ ይተዉልኝ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ። ሬካ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ትሰፋዋለች፤ ነግሬያታለሁ።"

"አንተስ?"

"እኔ ታታባንያ እሄዳለሁ፣ የከሰል ማዕድኑ ጋ የሥራ ውል ልፈርም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ አሥር ሰዓት የስንብት ሰልፉ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቁልፉን ከሰፋችው አብራኝ ትሄዳለች ማለት ነው፣ እትዬ ፒሮሽካ። ካልሰፋችው…"

"እሷ ምን አለችህ?"

"'ሐሙስ ይታያል' አለችኝ። ያቺን ልጅ አያውቋትም እንዴ? እንኳን ትዳር፣ ሁለተኛ ሳህን ሾርባ ስጠይቃትም 'ይታያል' ነው የምትለው።"

"እናትህስ?"

ፀጉሩን ማከክ ጀመረ። "እማዬ የዲኑን ልጅ ክላውዲያን ነው የምትለው። ግን የማገባው እኔ ነኝ እንጂ እማዬ አይደለችም።"

"ይህ ልጅ እናቱን አያውቃትም" አሉ ጋሼ ሌሄል ለመቀሳቸው።

ማክሰኞ ማታ ሬካ የምግብ ቤቱን ነጭ ሽርጥ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ስትፈታ አገኘኋት።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"ክር እያወጣሁ ነው።"

"ክር ጠፍቶ ነው? እናትሽ ልብስ ሰፊ፣ ቤቱ በክር ተሞልቶ! የመንግሥት ሽርጥ ስትተረትሪ ቢያዩሽ ነገ ያባርሩሻል።"

"ይህንኑ ክር ነው የምፈልገው፣ እማ።"

ረጅም ነጭ ክር አወጣችና ክብሪት እንጨት ላይ ጠቀለለችው። እያንጎራጎረች ነበር። እኔ ተነሥቼ መስኮት ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። ታታባንያ በባቡር ግማሽ ቀን ነው። እዚያ ብትታመም ማን ያያታል? የፕሮፌሰሩ ባለቤት በበዓል ቀን ጠርተው ሹካ እንዴት እንደምትይዝ ሲመለከቱ ታየኝ። ባርና ከማዕድን ሲወጣ፣ ሻወር ወስዶ ሲቀመጥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ታየኝ። እሷ አሁንም እያንጎራጎረች ነው።

ስለ ቆርቆሮው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መደርደሪያዬ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የተመረቀ ሰው የልብ ቁልፉን ማስቆረጥ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ነውሩን የሚሠሩት እኛ ጋ በጓሮ በር ይመጣሉ። "እትዬ፣ ይህችን ቁረጪና ሌላ አድርጊልኝ" ይላሉ። እቆርጣለሁ። የተቆረጠውን መጣል አንጀቴ እምቢ ስለሚለኝ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ሠላሳ አንድ ሆነዋል። የመጨረሻው ሰውዬ ሲመጣ አዲሷ እጮኛው መኪና ውስጥ ሆና ከንፈሯን እየቀባች ነበር። የቆረጥኩት ክር ቀይ ነበር፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ በሐር ክር፣ በትንንሽ ስፌት፣ ምን ያህል ተጨንቃ እንደሰፋችው እጄ አይቶታል።

ረቡዕ ጋሼ ሌሄል ጨርቅ ሊገዙ ወጡ። ብቻዬን ነበርኩ። ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ሠላሳ ሁለተኛው የሬካ ሲሆን፣ ነጩ ክር በመቀሴ ሲበጠስ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ቁልፉን ከካፖርቱ ኪስ አወጣሁ። በጥቁር፣ ሰም በተቀባ ክር ሰባት ጊዜ አመላለስኩት፤ ሥሩን ጠመጠምኩት፤ ቋጠርኩት። እጄ ሳላስበው ሠራው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አስቤ ነው የሰፋሁት፤ ቦታው ከተያዘ የሬካ ክር አይገባበትም።

ሐሙስ ሬካ ፀጉሯን ታጥባ መጣች። ሾርባ ሾርባ አትሸትም ነበር። ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ከዚያ ቆመች።

"እማ፣ ይህን ማን ሰፋው?"

ጋሼ ሌሄል ጓዳ ውስጥ በካውያ ሱሪ ይተኩሱ ነበር፤ የእንፋሎቱ ድምፅ ይሰማል። አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

"ጠዋት ስገባ እንዲሁ ነበር።"

"ሰው መጥቶ ነበር?"

"አላየሁም።"

በጣቷ ቁልፉን ነካችው። ልትስበው ሞከረች፤ አልነቃነቅም አለ። "ጥሩ አድርጋ ነው የሰፋችው" አለች። "ክላውዲያ በእጇ ሥራ የምትሠራ አይመስለኝም ነበር።"

"ሬካ…"

"ተይው እማ። ሁልጊዜ 'እንዲህ ነው የሚሆነው' ትይኝ የለ? ይኸው ሆነ።" ክብሪት እንጨቱ ላይ የተጠቀለለውን ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለሆነ ነገር ይሆንሻል።"

የወደቀው ደወል ገና አልተሰቀለም ነበርና ስትወጣ በሩ ድምፅ አላሰማም። በገዛ እጄ ትክክል ሆንኩ። በሕይወቴ ትክክል መሆን እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ባርና ከባቡር ጣቢያ በቀጥታ መጣ፣ ጫማው ከሰል ለብሶ። እናቱ ወይዘሮ ሜሊንዳ ከኋላው ገቡ። ካፖርቱን ሲያይ ዓይኑ ወደ ሦስተኛው ቁልፍ ሮጠ። ከዚያ እኔን ብድግ አድርጎ አሽከረከረኝ።

"ሰፍታዋለች! እትዬ ፒሮሽካ፣ ሰፍታዋለች!"

"አውርደኝ ልጄ፣ ወገቤን!"

"ቤት ተሰጥቶናል እኮ! አንድ ክፍል ነው፣ መስኮቱ የከሰል ክምር ላይ ነው የሚያየው። ግን መስኮት አለው!" ጉንጮቼን ስሞኝ ሱሪውን ሊቀይር መጋረጃው ጀርባ ገባ።

ወይዘሮ ሜሊንዳ መነጽራቸውን አደረጉና ካፖርቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"ይህ የልጅ ስፌት አይደለም።"

የጠረጴዛውን ቁርጥራጭ ጨርቅ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እኔ የማዕድን መሐንዲስ ልጅም ሚስትም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ሳይ ነው ያደግሁት። ልጃገረዶች ሲሰፉ ክሩ ይወላገዳል።" እጄን ያዙ፤ ጓንታቸው ለስላሳ ነበር። "አመሰግናለሁ። እርስዎ አስተዋይ ሴት ነዎት። ለባርና ከሰልፉ በኋላ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። እንደ እርስዎ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም።"

ልጄን ከእኚህ ሴት ላድናት ነበር ያሰብኩት፤ ለካ የሳቸውን ሥራ ነው የሠራሁላቸው። እጄን አስለቀቅሁ። ባርና ፀጉሩን እየዳበሰ ከመጋረጃው ወጣ።

"ሬካን ሰልፉ የሚያልቅበት የእንጨት በር ጋ ትጠብቀኝ በሏት፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩ።

እንደወጡ መቀሴን፣ መርፌዬንና የጥቁር ክሬን ጥቅል ኪሴ ከተትኩ። ነጩ ክር ከሐሙስ ጀምሮ እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበር። "ጋሼ ሌሄል፣ ሄድኩ!" ብዬ መልስ ሳልጠብቅ ሮጥኩ። ትራሙ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ፣ አልተበላሸም። ቤት አላገኛትም ብዬ ፈራሁ። ሬካ ወንበር ላይ ቆማ መስኮቱን በጋዜጣ ትፈገፍግ ነበር፤ መስታወቱ ከጸዳ ቆይቷል፣ እሷ ግን አላቆመችም።

"እኔ ነኝ" አልኩ ከበሩ ሳልገባ።

"አየሁሽ።"

"ቁልፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ጋዜጣው መስታወቱ ላይ ቆመ። ስለ ቆርቆሮው ነገርኳት፣ ስለ ቀዩ ክር፣ ከንፈሯን ትቀባ ስለነበረችው ልጅ። ባርና አንቺ የሰፋሽው መስሎት እየጨፈረ ሄደ አልኳት። ወይዘሮ ሜሊንዳ እጄን መያዛቸውንም አልደበቅኋትም። ሬካ ከወንበሩ አልወረደችም። ከላይ ሆና ስታየኝ አባቷን መሰለችኝ።

"ስንት ካፖርት ሰፍተሻል፣ በሃያ ሁለት ዓመት?"

"እኔ እንጃ። ሺህ ይሆናል።"

"የተቆረጡት?"

"ሠላሳ አንድ።"

"እና ሌሎቹስ እማ? አንቺ ጋ ያልመጡትስ?"

እውነቴን ነው፣ ስለ እነሱ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያልመጣ ሰው አይታይም።

"ምናልባት አርጅተው፣ ወፍረው፣ ካፖርቱ አልገባ ብሏቸው፣ ሚስታቸው እየሳቀችባቸው ይሆናል" አለች። ከዚያ ድምፏ ተሰበረ። "አንድ ሌሊት ሙሉ አስለቀስሽኝ፣ እማ። ከግድግዳው ወዲያ ሆነሽ እየሰማሽኝ።"

"አዎ።"

"ክሩን ጣልሽው?"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። መቀሴንና መርፌዬንም ተቀብላኝ፣ ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንደርስ የእንጨት ሰሌዳው መመታት ጀምሯል። ድሮ ሽልሜትስ ውስጥ ማዕድን ቆፋሪዎችን የሚቀሰቅሱበት ድምፅ ነው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ እንደ ልብ ምት። ተመራቂዎቹ በአንድ ረጅም ሰልፍ በዛፎቹ መሐል እየዘመሩ ይመጣሉ፤ ቀኝ እጃቸው ከፊታቸው ባለው ሰው ትከሻ ላይ፣ ግራ እጃቸው ፋኖስ ይዟል። ሰልፉ አይቆምም፣ እጅ ከትከሻ አይነሣም። መጨረሻው የድሮውን ከተማ በር አስመስለው ያቆሙት የእንጨት በር ነው። ያንን ያለፈ ከእንግዲህ ተማሪ አይደለም። የልብ ቁልፍም ከዚያ ወዲያ አይሰፋም።

ባርና መሐል ላይ ነበር፤ ዓይኑ ሰዉን ይበረብራል። ሲያየን ፊቱ በራ። ከዚያ ሬካ እጅ ላይ ያለውን መቀስ አየ።

በሰልፍ ላይ የልብ ቁልፍ የምትቆርጥ ልጅ ትቼሃለሁ ማለቷ እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ዘፈኑ በአካባቢያችን ሳሳ። "ጃርት፣ ምን አድርገሃት ነው?" አለ ከፊቱ ያለው ዱባ የሚሉት ወፍራም ልጅ፣ ዞር ማለት ስለማይችል ለአየሩ። ባርና ነጣ። እጁን ከትከሻው ማንሣት አይችልም፤ ፋኖሱን ማስቀመጥ አይችልም። እየተራመደ ብቻ አያት።

"ሬካ፣ እባክሽ። እዚህ አይሁን።"

"ዝም ብለህ ተራመድ።"

ከጎኑ እኩል እየሄደች ቁልፉን ያዘች። የእኔ ስፌት ጠንካራ ነው፤ መቀሱ ሁለት ጊዜ ነከሰው። ቁልፉ መዳፏ ላይ ወደቀ። ከአጥሩ ወዲያ የአንዲት ሴት "ወይኔ!" ተሰማ። ባርና ግን አልቆመም፤ ያ ሰልፍ አይቆምም።

"እኔ ነኝ ልጄ!" ብዬ ጮህኩ፤ በሌላው ጎኑ እየሮጥኩ ነበር። "እኔ ነኝ የሰፋሁት! እሷ አይደለችም! ይጎዳታል ብዬ ፈርቼ ነው! እሷ ሌላ ሰው የሰፋው መስሏት… አንተ ደግሞ እሷ የሰፋችው መስሎህ…" ትንፋሽ አጠረኝ።

"ምን?" አለ ባርና።

"ፋኖሱን ራቅ አድርግ፣ ታቃጥለኛለህ" አለች ሬካ። ነጩን ክር በመርፌዬ ቀዳዳ አስገብታ ነበር። በየትኛው እርምጃ እንዳስገባችው አላየሁም።

"አሁን? እየሄድን?"

"በሩ ሃምሳ እርምጃ ነው። ታወራለህ ወይስ ደረትህን ትነፋለህ?"

መርፌው ጨርቁን በሳ። ይወጋዋል፣ ይሰበራል፣ ትወድቃለች፣ ጫማዋ አልታሰረም ብዬ አንድ በአንድ ፈራሁ። ሰሌዳው ይመታል፤ ቋ፣ ቋ። ሬካ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ስፌት ታደርጋለች። ባርና ያለቅሳል፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅ የለውም።

"ወጋሁህ?"

"ትንሽ።"

"ይገባሃል። ክላውዲያ ናት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስሰድብህ ነው ያደርኩት።"

"ምን ብለሽ ሰደብሽኝ?"

"ቦሎቄ።"

ዱባ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ባርናም እጁ እላዩ ላይ ስለነበር አብሮ ተንቀጠቀጠ፣ ስፌቱም ተወላገደ። በሩ አሥር እርምጃ ሲቀረው ጎንበስ አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አንድ አፍታ ግንባሯ ደረቱ ላይ አረፈ። ከዚያ ሰልፉ ወሰደው።

በሩ አጠገብ ወይዘሮ ሜሊንዳ ቆመው ነበር። ልጃቸው ሲያልፍ ጥቁሩ ካፖርት ላይ ነጩን ክር አዩት፤ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ግን አንገቴን አልደፋሁም።

ሬካ ወደ እኔ መጣችና ክንዴን ያዘች። አልተቆጣችኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። የሽርጥ ክር ቀጭን ነው። ሰም አልነካውም፣ ሥሩ አልተጠመጠመም፣ ታታባንያ ደግሞ ዝናብ ይበዛል። ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው፣ ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው አልኩ። ጥቁሩ ጠንካራ ክሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቶቼን እስኪያማቸው ጨበጥኩት፤ አላወጣሁትም።